የሦስት ሰዓት ስህተት

የሰፈሩ ሰው ሌሊት ሌሊት ቆሻሻ ያቃጥላል ብዬ ሪፖርት ልልክ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር።

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ጣሪያ ላይ የተተከለ የአየር ጥራት መለኪያ እከታተላለሁ። መሣሪያው በደቂቃ 16 ነጥብ 7 ሊትር አየር ይስባል፤ ከ2 ነጥብ 5 ማይክሮን የማይበልጠውን፣ የፀጉርን ውፍረት ሃያኛ እንኳ የማያክለውን ብናኝ በነጭ የማጣሪያ ወረቀት ጥቅልል ላይ ያሳርፋል። በየሰዓቱ አንዲት ክብ ነጥብ ትቀራለች፤ ጭስ በበዛበት ሰዓት እንደ ምጣድ ቂጥ ትጠቁራለች።

የጥቅምትን መረጃ ስመለከት ብናኙ የሚያሻቅበው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ግድም ነበር። በዚያ ሰዓት መንገዱ ጭር ይላል። መኪናን ነጻ አውጥቼ በነዋሪው ላይ ፈረድሁ። ቀላል ነገር አይደለም፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ተቆጣጣሪ ግቢ ገብቶ እንዲመረምር ሥልጣን ይሰጣል።

ኅዳር 12 ሰፈሩ እንደ ልማዱ ኅዳርን አጠነ። በማግስቱ የጥበቃውን ደብተር ገለጥሁ፦ «ጠዋት 12፡30። ጭሱ ጣሪያ ድረስ መጣ።» መሣሪያው ግን ትልቁን ጭስ የመዘገበው ከሌሊቱ 9 እስከ 10 ባለው ጊዜ ነው።

«ጋሼ፣ ሰዓቱን ተሳስተው ይሆን?» አልኋቸው።

«ልጄ፣ ሚካኤልን ተሳልሜ እዚህ የደረስሁት 12 ሰዓት ላይ ነው። ያላየሁትን እንዴት እጽፋለሁ?»

መሰላሉን ወጥቼ ስልኬን ከመሣሪያው ሰዓት ጋር አስተያየሁ። ልክ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል፤ የተሞላው በግሪንዊች አቆጣጠር ነበር። የእኔ «ሌሊት 10» ለካስ ጠዋት 1 ሰዓት ነው፦ ተማሪ የሚያመላልሱ መኪኖች በበሩ የሚሰለፉበት፣ ብርዱም ጭሱን ወደ ላይ አልለቅ ብሎ መሬት ላይ የሚያስተኛበት ሰዓት።

የዕለት አማካዩም ተዛብቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ባወጣው መመሪያ የ24 ሰዓት ወሰኑ በኪዩቢክ ሜትር 15 ማይክሮግራም ነው። ቀኑ በተሳሳተ ሰዓት ሲቆረጥ የአንዱ ቀን ጭስ በሌላው ይቆጠራል። የወሩን ስሌት እንደገና ሠራሁት።

አሁን ጥቅልሉን በቀየርሁ ቁጥር መጀመሪያ የማየው ሰዓቱን ነው። ለአለቃዬ በላክሁት አዲስ ሪፖርትም ከቁጥሮቹ ሰንጠረዥ ቀጥሎ የጋሼ ደብተር ገጽ ቅጂ ተያይዟል።