አናኮስቲያ ላይ ውኃ የጠበቅንበት ጠዋት

ተወልጄ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። በልጅነቴ የማውቀው ጀልባ ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ፣ የማውቀው ወንዝም ከጣና ወጥቶ አንድ ጊዜ ከሄደ የማይመለሰው ዓባይ ነበር። ስለዚህ አንድ የሐምሌ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሜሪላንድ ውስጥ ጋሼ ከምላቸው ጡረተኛ ጎረቤቴ ጋር ባለ ሁለት ሰው ካያክ (በመቅዘፊያ የሚሄድ ጠባብ ጀልባ) ተከራይተን ከብላደንስበርግ ስንነሣ፣ ውኃው መቼ እንደሚሞላና መቼ እንደሚጎድል አስቀድሞ ማየት እንደሚያስፈልግ አላሰብሁም።

አናኮስቲያ ከብላደንስበርግ አንሥቶ ዋሽንግተን ውስጥ ከፖቶማክ ወንዝ ጋር እስከሚገናኝበት ድረስ፣ 14 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የባሕር ሙላትና ጉድለት የሚደርስበት ወንዝ ነው። በየስድስት ሰዓቱ ገደማ አቅጣጫውን ይለውጣል፤ ከፍታውም 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል፣ ይወጣል። ስሙ የመጣው እንግሊዛዊው አሳሽ ካፒቴን ጆን ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1608 በአካባቢው ሲያልፍ በዳርቻው ይኖሩ ከነበሩት ከናኮችታንክ ሕዝቦች ነው።

ስንወርድ ውኃውም እየወረደ ስለነበር መቅዘፉ ቀለለን። ኤሊዎች በወደቁ ግንዶች ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ አንድ ትልቅ ግንድም ከጎናችን ቁልቁል ይንሳፈፍ ነበር። ችግሩ የመጣው ኬኒልወርዝ ስንደርስ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት አንድ እጁን ያጣው ዋልተር ሾው በ1880ዎቹ የውኃ አበባ መትከል የጀመረበት፣ መንግሥትም በ1938 የገዛው ቦታ ነው። ከአበባዎቹ ኩሬዎች አጠገብ ወዳለው ረግረግ በጠባብ መግቢያ ገብተን ስንዘገይ ውኃው ከሥራችን ሸሸና ካያካችን ጭቃ ላይ ተቀመጠ። ወርጄ ልገፋ አንድ እግሬን ባወጣ እስከ ጉልበቴ ሰመጥሁ።

«ልጄ፣ ተው ተመለስ፤ ውኃው ራሱ መጥቶ ያነሣናል» አሉኝ ጋሼ።

አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ስንጠብቅ የጭቃውን ታሪክ ነገሩኝ። ብላደንስበርግ በ1742 የተቆረቆረች፣ ትልልቅ መርከቦች ትምባሆ የሚጭኑባት ወደብ ነበረች። በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ትምባሆ እንዲያለሙበት ደኑ ሲመነጠር አፈሩ በዝናብ እየታጠበ ወንዙን ሞላው፤ መርከቦቹም መድረስ አቃታቸው። የእኛን አፈር ዓባይ ይዞት ይሄዳል፤ ይህኛው ግን የተቀበለውን አፈር እዚያው አስቀርቶታል። እግሬ ላይ የደረቀውን ጭቃ ከዚያ በኋላ እንደ ቆሻሻ አላየሁትም።

ውኃው ተመልሶ ካያኩን ቀስ አድርጎ አነሣው። ወደ ብላደንስበርግ ስንመለስ ጠዋት ያየነው የሚመስል ግንድ ከፊታችን ሽቅብ ይጓዝ ነበር፤ እኛም መቅዘፊያችንን ጭናችን ላይ አድርገን ተከተልነው።