ባኞ ለሌለው ቤት የባኞ ጨው

ባኞ ቤት አለን። ባኞ ግን የለውም።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ 4ኛ ፎቅ። ውሃ በፈረቃ ነው፤ የሚመጣውም ሌሊት ነው፣ ያውም እኛ ፎቅ ድረስ ለመውጣት አቅም ካገኘ። ቤታችን ውስጥ ከሶፋው በላይ የተከበሩት 6 ቢጫ ጀሪካኖች ናቸው።

እዚህ ቤት ውስጥ ነው እንግዲህ የገላ መታጠቢያ ጨው ለመሥራት የተነሣሁት።

ነገሩን የጀመረችው ከውጭ የመጣችው የአክስቴ ልጅ ናት። በትንሽ ብልቃጥ ሽታው የሚያውድ ጨው ሰጠችኝና "ሙቅ ውሃ የሞላ ገንዳ ውስጥ ጨምሪና ጋደም በይበት" አለችኝ። አንድ ገንዳ 150 ሊትር ያህል ይጠጣል። በእኛ ገንዘብ ሲመነዘር ሰባት ጀሪካን ተኩል። ታናሽ ወንድሜ፣ ጀሪካን ተሸካሚው እሱ ስለሆነ፣ ሒሳቡን ሲሰማ ብልቃጡን ከእጄ ቀማኝ። በስንት ድርድር በሳፋ ተስማማን። እግር ብቻ።

ከመገናኛ እስከ ሰፈር አውቶብስ ውስጥ ቆሜ የመጣሁ ቀን እግሬን ነከርኩት። እውነቱን ልናገር፣ አለቀስኩ ማለት ይቀላል። ብልቃጡ በሁለት ሳምንት አለቀ።

ከዚያ የሐበሻ ብልጠት መጣብኝ። ጨው አይደል እንዴ? ጨው እኮ የእኛ ነው! ራሴ ሠርቼ ለዕንቁጣጣሽ ለመሥሪያ ቤት ልጆች ስጦታ ብሰጥስ? የአክስቴን ልጅ በቴሌግራም ጠየቅኳት። 3 ኩባያ ያልተፈጨ ጨው፣ ግማሽ ኩባያ ቤኪንግ ሶዳ፣ 15 ጠብታ ያህል የሚሸት ዘይት። በቃ። "ውሃ እንዳይነካው" ብላ ሁለት ጊዜ ጻፈችልኝ። እኔ ግን ቤታችን ውሃ የለም፣ ምን ይነካዋል ብዬ አለፍኩት።

ዘይቱን ዋጋ ጠይቄ ሳልገዛ ተመለስኩ። ጠጅ ሳር እያለ! ከግቢው አጭጄ፣ አፍልቼ፣ አጥልዬ አንድ ስኒ ሙሉ ጨው ላይ ገለበጥኩት። ለመልኩ ሮዝ የምግብ ቀለም ጨመርኩ። ቤኪንግ ሶዳ ስጠኝ ያልኩት ባለሱቅ ደግሞ ቤኪንግ ፓውደር ሰጥቶኛል። "አንድ ናቸው" አለኝ። አንድ አይደሉም። ፓውደሩ ውስጥ ከሶዳው ሌላ አሲድ አለበት፤ እርጥበት ሲያገኝ አረፋ ይደፍቃል፣ ኬክ የሚያስነሣው እሱ ነው። የእኔም ጨው ተነሣ። እንደ ጠላ ድፍድፍ ቱስ ቱስ ይላል። እኔ ሞኟ ደግሞ "እዪው፣ ሕይወት አለው" እያልኩ አደንቃለሁ።

7 የኦቾሎኒ ቅቤ ፕላስቲክ ዕቃዎች ሞላሁ። ክዳናቸውን ጥብቅ፣ ሪባን እሰር፣ ቁም ሳጥን ላይ ደርድር።

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ "ጧ!" የሚል ድምፅ ቀሰቀሰን። ወንድሜ ዘነዘና ይዞ ወጣ። የአንዱ ዕቃ ክዳን ነው፤ ከነሪባኑ ተፈናጥሮ ሶፋው ላይ አርፏል።

በጳጉሜ 3 የቀሩትን ልፈትሽ ብዬ ማንኪያ ሰደድኩ። ማንኪያው ተጣመመ። ወንድሜ ፕላስቲኩን በቢላ ሰነጠቀው፤ ከውስጡ የዕቃውን ቅርጽ የያዘ፣ ድፍን፣ ሮዝ ምሰሶ ወጣ። ጥሬ ጨው እንኳን ስኒ ውሃ ተደፍቶበት፣ የክረምቱን አየር እርጥበት ራሱ ይስባል። ሰባቱም እንደዚያው። በአያቶቻችን ዘመን ቢሆን ሀብታም ነበርኩ፤ አሞሌ ገንዘብ ነበራ።

በዚህ መሃል የምድር ቤቷ እትዬ ወንፊት ሊዋሱ መጡ።

"አንቺ ልጅ፣ ይሄን የመሰለ አሞሌ ከየት አገኘሽ?"

"አሞሌ አይደለም እትዬ፣ የገላ መታጠቢያ ጨው ነው።"

ጨውን አዩት፣ ጀሪካኖቹን አዩ፣ እኔን አዩኝ።

"ውሃውስ?"

መልስ አልነበረኝም። እሳቸውም አልጠበቁም፤ ለዓመት በዓል የገዙት በግ ደረጃው ሥር ታስሯል፣ "እሱ ይልሰዋል" ብለው ሁለቱን ምሰሶ በነጠላቸው ጠቅልለው ወረዱ።

በማግስቱ ጠዋት በሕጻናት ጩኸት ነቃሁ። "በጉ ሊፒስቲክ ተቀብቷል!" በደረጃው አጮልቄ አየሁ። ነጭ በግ ነው። ከንፈሩ፣ አፍንጫው፣ አገጩ ሮዝ። ሙሽራ መስሎ ያመሰኳል። የግቢው ጥበቃ ጎንበስ ብለው መረመሩትና ራሳቸውን ነቀነቁ። "እትዬ፣ ይሄ አፍተግር ነው፣ የከብት የአፍና የእግር በሽታ። ለነጋዴው ይመልሱለት።"

እትዬ ነጋዴውን ከነዘር ማንዘሩ መርገም ጀመሩ። እኔ 4ኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ዝም ልበል ወይስ ልውረድ እያልኩ ነው። ርግማኑ ልጆቹ ጋ ሲደርስ ወረድኩና ተናዘዝኩ። ጥበቃው አላመኑኝም። በእርጥብ ጨርቅ የበጉን አፍ ጠርጌ፣ ጨርቁን እስካሳያቸው ድረስ።

የመሥሪያ ቤት ልጆች ካልሲ ደረሳቸው።

የበዓሉ ዋዜማ ሌሊት ተአምር ሆነ፣ ውሃ መጣ። የተረፈውን ጨው ምን ላድርገው? ወንድሜ አንዱን ምሰሶ በዘነዘና ፈረካከሰልኝ፣ ውሃ አሞቅኩ፣ በሳፋ እግሬን ነከርኩ። ጠጅ ሳሩ ይሸታል፣ ውጭ ዝናብ ነው፤ እዚያው ተቀምጬ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በበዓሉ እትዬ ቤት ተጠርተናል። በሐበሻ ቀሚስና በክፍት ጫማ ሄድኩ። ቄጤማውን ረግጬ ስገባ እትዬ ዓይናቸው እግሬ ላይ ቀረ። እስከ ቁርጭምጭሚት ሮዝ ነው፤ ሦስት ጊዜ በሳሙና ፈትጌው አልለቀቀም።

"በል ጥበቃው፣ ና እይ!" አሉ እየሳቁ። "አፉ ለበጉ፣ እግሩ ለእሷ ደርሷቸዋል!"