ብርቱካናማው ደለል "ምንም" አይደለም

ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ ስትሄዱ ከጥቁር ድንጋይ ስንጥቅ ውሃ የሚያዠበት ቦታ አይጠፋም። አንዳንዱ ሥር ብርቱካናማ ልጥልጥ ነገር ተኝቷል። ላዩ ላይ ደግሞ የሚያብለጨልጭ ስስ ሽፋን ይንሳፈፋል። በቀደም ከብት የሚጠብቁ አንድ አባት "ልጄ፣ ናፍጣ ነው እንዴ?" አሉኝ። "አይደለም አባባ፣ እስቲ በበትርዎ ይንኩት" አልኳቸው። ሽፋኑ ተሰባብሮ ቀረ። ናፍጣ ቢሆን ተመልሶ ይገጥም ነበር።

ነገሩ ብረት ነው። ያ ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልት፣ ብረት አያጣም። ከመሬት በታች ኦክስጅን የሌለው ውሃ ብረቱን አሟሙቶ ይዞት ይሄዳል። ብቅ ብሎ አየር ሲያገኝ ብረቱ በጥድፊያ ይዘቅጣል። ጋሊዮኔላ የሚባሉት ባክቴሪያዎችም ያግዙታል፤ የተጠማዘዘ ክራቸው በማይክሮስኮፕ ሲታይ በጣም ያምራል። ከጥድፊያው የተነሳ አተሞቹ በወጉ ሳይደረደሩ ይቀራሉ። እንዲህ የሚወለደው ማዕድን ፌሪሃይድራይት ይባላል። ቅንጣቱ ጥቂት ናኖሜትር (የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) ብትሆን ነው። ከዚያው ድንጋይ የሟሟው ሲሊካ (የሲሊኮንና የኦክስጅን ውህድ) ቅንጣቷ ላይ ይለጠፍና አተሞቻቸው በወጉ ወደተደረደሩት የብረት ማዕድናት፣ ወደ ጎታይት ወይም ሄማታይት፣ ቶሎ እንዳትለወጥ ይይዛታል።

የአተሞችን አደራደር ለማወቅ ማዕድን ላይ ኤክስሬይ ሲለቀቅ፣ በሚወጣው ግራፍ ላይ ጎታይት ሹል ሹል ጫፍ ያወጣል። ፌሪሃይድራይት ግን 2.5 እና 1.5 አንግስትሮም (የናኖሜትር አንድ አሥረኛ) አካባቢ ሁለት ሰፋፊ ጉብታ ብቻ ሊያሳይ ይችላል። አተሞቹ በወጉ ያልተደረደሩት ቅርጽ አልባ ሲሊካም 4 አንግስትሮም ገደማ አንድ ዝርግ ጉብታ አለው። ይህን አይቶ "ምንም የለም" ብሎ ማለፍ ያናድደኛል። የአንድ ግራም ፌሪሃይድራይት ገጽ ሲለካ ብዙ ጊዜ ከ200 ካሬ ሜትር ይበልጣል። እዚህ ከተማ 200 ካሬ ላይ ስንት ቤተሰብ ቤት ሠርቶ ይኖራል! ፎስፌትና አርሴኒክ የሚጣበቁት እዚህ ገጽ ላይ ነው።

ለጣና ሰው ፎስፌት ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ እምቦጭ የሚፋፋው እንዲህ ባለው ምግብ ነው። ደለል ኦክስጅን ሲያጣ ብረቱ ይሟሟል፣ ይዞት የቆየውን ፎስፌትም ለውሃው ይለቃል። ስለዚህ በደለሉ ውስጥ ያለው ብረት በምን መልክ እንደተቀመጠ ማወቅ ይገባናል።

ተማሪዎች፣ ናሙና ስትወስዱ አደራ፣ ኦቨን ውስጥ አትክተቱት። ሙቀት ማዕድኑን ይለውጠዋል። እርጥቡን በብርድ አቆዩት፣ ሳይውል ሳያድር ለኩት። ገሚሱን ደግሞ በረዶ አድርጋችሁ፣ በረዶውን አየር በተመጠጠበት ዕቃ ውስጥ በማትነን አድርቁት (ፍሪዝ ድራይ)።