ከመቅደላ እስከ ካላ ጎዳ፦ ሙምባይ ውስጥ ያገኘሁት መዝገብ ቤት

እትዬን ለልብ ሕክምና ይዤ ሙምባይ ስገባ ዝናቡ ገና አላባራም ነበር። ሐኪሞቹ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለምርመራ አንድ ሳምንት ያስፈልጋል አሉ። አስታማሚ ጠዋት ጠይቆ ይወጣል፣ ማታ ይመለሳል፤ በመሃል ያለው ቀን ባዶ ነው። እኔ ግን የምውልበትን ገና አገሬ ሳለሁ አስቤበት ነበር። በአንድ ወረዳ መዝገብ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ከመሥሪያ ቤቴ ሸኚ ደብዳቤ አጽፌ፣ ማኅተም አስመትቼ፣ ከፓስፖርቴ ጋር አጥፌ ይዣለሁ።

የሄድኩበት ሰፈር ካላ ጎዳ ይባላል፤ ጥቁር ፈረስ ማለት ነው። ስሙ የወጣው በፈረስ ላይ ከተቀመጠ የአንድ እንግሊዛዊ ልዑል ሐውልት ነው። ሐውልቱ በ1965 ተነሣ፣ ስሙ ግን ሰፈሩ ላይ ቀረ። (ዓ.ም. ያላልኩባቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እዚያ፣ ከጃሃንጊር የሥዕል ማሳያ ፊት ለፊት፣ በ1888 የተሠራ ባለ ቅስት የድንጋይ ሕንጻ አለ። ኤልፊንስቶን ኮሌጅ ነው። መጀመሪያ የታሰበው ለመንግሥት ማተሚያ ቤት ነበር አሉ። የማሃራሽትራ ክልል መንግሥት ቤተ መዛግብትም ያለው በዚሁ ሕንጻ ውስጥ ነው።

በሩን አልፌ ስገባ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። እርጥበት የጠጣ አሮጌ ወረቀት፣ ቆዳና ሙጫ። የኛ መዝገብ ቤት በሐምሌ እንዲህ ነው የሚሸተው። ደብዳቤዬን ሰጠሁ፣ ቅጽ ሞላሁ፣ እርሳስ ብቻ ይዤ ተቀመጥኩ።

የዚህ ቤት ነገር እንዲገባን ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ቦምቤይን፣ የዛሬዋን ሙምባይ፣ ለእንግሊዙ ንጉሥ ለቻርልስ 2ኛ ይዛ የመጣችለት በ1661 የታጨችለት የፖርቱጋል ልዕልት ናት። ንጉሡም በ1668 ደሴቲቱን ለእንግሊዞቹ የንግድ ድርጅት፣ ለምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ፣ በዓመት 10 ፓውንድ አከራያት። የኩባንያው አለቆች ያሉት ሎንዶን፣ መርከብ ወራት በሚፈጅበት ርቀት ነው። የሚቆጣጠሩት በወረቀት ብቻ ስለሆነ ሁሉም ነገር ይጻፋል፣ የተጻፈው ሁሉ ይገለበጣል፣ አንዱ ይላካል፣ አንዱ ይቀመጣል። በ1818 አካባቢውን ይገዙ የነበሩት የማራታዎቹ ጠቅላይ ገዥ፣ ፔሽዋው፣ ሲሸነፍ ደግሞ ሰፊ አገር በአንድ ጊዜ ኩባንያው እጅ ገባ። የማን መሬት ግብር ይከፍላል? የማን ርስት በስጦታ ነጻ ነው? መልሱ የተሸነፈው መንግሥት መዝገብ ውስጥ ነበር። የቦምቤይ ገዥ የነበረው ማውንትስቱዋርት ኤልፊንስቶን በ1821 መዝገብ ቤቱን ያቋቋመው በዚህ ጊዜ ነው። ቀድሞ በቀን ተራ ይመዘገብ የነበረው ደብዳቤም ከዚያ ወዲህ በየጉዳዩ እየተለየ ይጠረዝ ጀመር። ዘጠኝ ዓመት ገቢና ወጪ የመዘገበ ሰው ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ያውቃል። በቀን የተቀመጠ ወረቀት የሚገኘው ቀኑን ለሚያውቅ ብቻ ነው። በጉዳይ የተቀመጠ ግን ጉዳዩ ያለበት ሁሉ ያገኘዋል።

ጥራዞቹን የሚያመጡልኝ ሽማግሌ ሠራተኛ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ኢትዮጵያ አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና "ሀብሺ?" አሉ። አዎ ስላቸው ፊታቸው በራ፤ በእጃቸው ወደ ደቡብ፣ ወደ ባሕሩ፣ እያመለከቱ "ጃንጂራ!" አሉኝ። ከሙምባይ በስተ ደቡብ ሙሩድ የምትባል ከተማ ፊት ለፊት፣ ባሕር መሃል የቆመ ምሽግ ነው። ዘራቸው ከኛው አካባቢ ሲዲ የሚባሉ ገዥዎች ይዘውት ኖረዋል፤ ማራታዎቹ ደጋግመው ቢሞክሩም አልተሰበረም። ግዛቱ "ሀብሳን" እየተባለ ይጠራ ነበር፣ የሐበሾች አገር። ከሕንድ ጋር የተቀላቀለው በ1948 ነው። ሽማግሌው ይህን ሁሉ በአንዲት ቃል ነገሩኝ፤ የቀረውን ማታ አንብቤ ነው ያገኘሁት።

እኔ የፈለግኩት ግን የሸዋን ነገር ነበር። እንግሊዞች የየመኑን ወደብ ኤደንን በ1839 ሲይዙ አስተዳደሩን ለቦምቤይ ሰጡት። ስለዚህ ከታጁራ፣ ከዘይላ፣ ከምጽዋ የሚመጣ ወሬ ሁሉ በኤደን አድርጎ ቦምቤይ ይገባል። በ1841 ካፒቴን ኮርንዋሊስ ሃሪስን ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የላከውም የቦምቤይ መንግሥት ነው። መልእክተኞቹ በታጁራ ገብተው፣ የአፋርን በረሃ አቋርጠው አንኮበር ወጡ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር የንግድ ውል ተፈረመ፤ ሚሲዮናዊው ክራፕፍ በአስተርጓሚነት ረዳቸው። ይህን ተማሪ ሳለሁ ከመጽሐፍ ተምሬዋለሁ። አሁን ግን የዘመኑ ጥራዝ እፊቴ ነው። የጸሐፊው እጅ ጠባብና ዘንበል ያለ ነው። ቀለሙ ብረት ስላለበት ቡናማ ሆኗል፤ አንዳንድ ቦታ ወረቀቱን በልቶ ፊደሉ ቀዳዳ ሆኖ ቀርቷል። ገጹን ያዳኑት በሁለቱም በኩል ስስ ሺፎን ለጥፈው ነው። ኅዳጉ ላይ መሪ ጽሑፍ አለ፤ አለቃው ለማን እንደመራው፣ መቼ እንደታየ። እጄን ሳላስበው ከጠረጴዛው አነሣሁ። የአንኮበር ጉዳይ የአንድ ባሕር ማዶ ክልል መዝገብ ቤት ተራ የሥራ ፋይል ሆኖ፣ ሰው ሲለዋወጥበት፣ መንግሥት ሲለዋወጥበት፣ ቦታውን ሳይለቅ ቆይቷል።

የዐፄ ቴዎድሮስ ነገር ከዚህ ጋር ነው የሚታሰበኝ። ንጉሡ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። ሎንዶን ደርሶ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ለሕንድ ጉዳይ መሥሪያ ቤት መራው፤ ማንም መልስ ሳይጽፍለት ተቀመጠ። ንጉሡ ተናቅሁ ብለው ቆንስሉን ካሜሮንን አሰሩ። ላስፈታ ብሎ የተላከው ሆርሙዝድ ራሳምም የኤደን ባለሥልጣን ነበር፤ እሱም ታሰረ። በመጨረሻ ጦሩ ከዚሁ ከቦምቤይ ተነሣ። አዝማቹ ናፒየር የቦምቤይ ሠራዊት ዋና አዛዥ ነበር። 44 ዝሆኖች በመርከብ ተጭነው ዙላ ወረዱ። የእንግሊዝ ፓርላማ መጀመሪያ የፈቀደው 2 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሆን ወጪው ከ8 ሚሊዮን አለፈ። መቅደላ ላይ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የሆነውን እናውቀዋለን። ለጦርነቱ ሌላም ምክንያት አለው፤ የታሪክ ሰዎች ይጨቃጨቁበት። እኔ የማየው ግን መልስ ያልተጻፈለትን ደብዳቤ ነው። ወጪ መዝገብ ላይ መልሱ የሚገባበት መስመር ባዶ ሲሆን ዛሬም ደረቴን ይጨንቀኛል።

ሦስተኛው ቀን ላይ አንድ ተማሪ ከጎኔ ተቀመጠ። ሞዲ የሚባለውን የማራቲ የቀድሞ የእጅ ጽሕፈት እየተማረ ነው። ብዕር ሳይነሣ፣ ፊደል ከፊደል እየተያያዘ የሚሮጥ ጽሕፈት ነው፤ ማተሚያ ቤት ስላልተመቸው ባለፈው መቶ ዓመት ቀስ በቀስ ቀረ። ፑኔ ከተማ ባለው የዚሁ ቤተ መዛግብት ቅርንጫፍ የፔሽዋው ዘመን ወረቀት ሁሉ ማለት ይቻላል በሞዲ ነው፤ በጨርቅ ተቋጥሮ የተቀመጠ፣ ቋጠሮውን "ሩማል" ይሉታል። በ2023 የማራታ ሕዝብ የትምህርትና የመንግሥት ሥራ ኮታ ጥያቄ ሲነሣ፣ አያት ቅድመ አያቱ በአሮጌ መዝገብ "ኩንቢ" (ኮታው የሚመለከተው የገበሬ ወገን) ተብሎ የተጻፈ ሰው የምስክር ወረቀት ማግኘት ቻለ። ያኔ ሞዲ የሚያነብ ሰው በየቦታው ተፈለገ። ሲነግረኝ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ዩኒቨርሲቲ የመግባት ዕድል በአንዲት የደበዘዘች ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ታየኝ።

ልጅ ሳለሁ፣ በ1983 ዓ.ም. ለውጥ ሰሞን፣ እናቴ ስኳር ግዛ ብላ ሱቅ ትልከኝ ነበር። ስኳሩ የሚጠቀለልበት ወረቀት የመንግሥት ደብዳቤ ነው፤ ማኅተም ያለበት፣ የሰው ስም፣ ከነአባቱ፣ ከነአያቱ፣ የመሬቱ ስፋት በጋሻ፣ የክርክሩ ውሳኔ። ስኳሩን ገልብጠን ወረቀቱን ለእሳት ማያያዣ እናደርገዋለን። ማንበብ ስለምወድ አንዳንዱን አንብቤ ነው የማቀብላት። ከነዚያ ስሞች ውስጥ ሁለቱ እስካሁን አልጠፉኝም። በ1991 ዓ.ም. ወመዘክር በአዋጅ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሆኖ ሲቋቋም፣ የወረዳና የአውራጃው ወረቀት እንደየቤቱ ዕድል ነው የቆየው፤ አንዱ ጋ ጣሪያ ያፈሳል፣ አንዱ ጋ አንድ ተቆርቋሪ ሠራተኛ አለ። እኔ ያለሁበት ቤት ጣሪያው ያፈሳል፤ በየክረምቱ መደርደሪያውን በላስቲክ እሸፍናለሁ።

የመጨረሻውን ቀን ማታ ሆስፒታል ስገባ እትዬ ትራሳቸውን ደገፍ ብለው ተቀምጠዋል። ቀዶ ሕክምናው በማግሥቱ ነው።

"እህስ ልጄ፣ ስትዞር የምትውልበት ቤት ምን አገኘህ?" አሉኝ።

"የንጉሥ ሣህለ ሥላሴን ዘመን ወረቀት አየሁ እትዬ። የዛሬ 180 ዓመት ገደማ የተጻፈ።"

"ሳይቃጠል? ምስጥ ሳይበላው?"

"በጨርቅ ለጥፈው አቆይተውታል።"

ዝም አሉ። ቀጥሎ እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደው ከማተባቸው ጋር የታሰረችውን ትንሽ ቁልፍ ይፈቱ ጀመር። ጣታቸው እየተንቀጠቀጠ ስለሆነ ረዳኋቸው።

"ነርሷ ብረት ነገር ይውለቅ ብላለች። ያባቴ ሳጥን ቁልፍ ናት። የግብር ደረሰኙ ሁሉ እዚያ ነው፣ ከጃንሆይም በፊት ያለው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፣ ምን እንደሚል አላውቅም። እስክነሣ ያዝልኝ።"

ቁልፏን ተቀብዬ ከሸኚ ደብዳቤዬ ጋር አጣጥፌ ፓስፖርቴ ውስጥ አስቀመጥኳት።