ዘንዶዋን አምኜ ቀልደኛውን ሰረዝኩት

በአንድ ሌሊት ሁለቴ ተሸወድኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ በደቡብ ምሥራቅ እስያዋ አገር በላኦስ ተረት። ማንም ገብቶ ሊያርመው የሚችለው የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ላይ የሚያጠራጥር ነገር ማጣራት ሱስ ሆኖብኛል። ሰው ኳስ ያያል፣ እኔ የግርጌ ማስታወሻ እከፍታለሁ።

መጀመሪያ የገጠመኝ የናጋ ፎቶ ነው። ናጋ ላኦሶች ሜኮንግ ወንዝ ውስጥ ይኖራል የሚሉት ዘንዶ ነው። የአሜሪካ ወታደሮች ተደርድረው አንድ ረጅም ብርማ ፍጥረት ታቅፈዋል። ከሥሩ የናጋ ንግሥት መሆኗ፣ እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 1973 መያዟና 7.80 ሜትር መርዘሟ ተጽፏል። ሰማንያ ሴንቲ ሜትሯ ሳትቀር ተለክታለች! አምኜ ለስንቱ ላክሁት።

ማጣራት የጀመርኩት ከላክሁ በኋላ ነው። ፎቶ በምስል ስትፈልጉ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ቆርጣችሁ ጣሉት፤ አለዚያ ያንኑ ጽሑፍ የያዙ ቅጂዎች ብቻ ይግተለተሉባችኋል። ስቆርጠው ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1996 ካሊፎርኒያ፣ ኮሮናዶ ባሕር ዳርቻ የተገኘች ኦርፊሽ የምትባል ዓሣ ሆና አረፈች። ሰዎቹም የዚያው የባሕር ኃይል ሰዎች ናቸው። ኦርፊሽ የውቅያኖስ ዓሣ ነው፤ ላኦስ ደግሞ እንደኛው የባሕር በር የላትም። ይቺን ለማሰብ ኢንተርኔት እንኳ አያስፈልግም ነበር።

መዝገበ ዕውቀቱ ገጽ ላይ ለንግሥቲቱ ወሬ ምንጭ ተብሎ የተጠቀሰው አንድ የጉዞ ጽሑፍ ነው። የገጹን የለውጥ ታሪክ፣ ማለትም ምን መቼ እንደተጻፈ የሚያሳየውን መዝገብ፣ ከፍቼ ወሬው የገባበትን ቀን ከጉዞ ጽሑፉ ቀን ጋር ሳስተያይ፣ "ምንጩ" በሁለት ዓመት ታናሽ ሆኖ ተገኘ። ከገጹ ቃል በቃል ገልብጦ፣ መልሶ ለገጹ ምስክር ሆኗል። የራስን ወጥ ከጎረቤት በስጦታ መቀበል ማለት ይኼ ነው።

በዚያ ንዴት ቀጣዩን ገጽ ከፈትኩ፦ ሲየንግ ሚየንግ ስለሚባል የላኦስ ቀልደኛ። ንጉሡ "ወደዚህ ኩሬ አታልለህ ልታስገባኝ አትችልም" ይሉታል። እሱም "እውነት ነው፤ ከገቡ ግን አታልዬ አስወጣዎታለሁ።" ንጉሡ ዘው! "ይኸው ገቡልኝ" አላቸው። አለቃ ገብረሃናን ስም ቀይሮ የለጠፈ ሰው ነው ብዬ ጠቅላላ ሰረዝኩት። ስሙንም ፈልጌ አጥቼው ነበር። ለካ በፈረንሳዮቹ አጻጻፍ የሚጀምረው በኤክስ ነው፤ የሚነበበው ግን "ስ" ተብሎ፤ እኔ በኤስ ስዳክር ኖሯል። ስሙን በላኦ ፊደል ልፈልግ ስል ደግሞ ቃል ከቃል ሳይለይ ተያይዞ ስለሚጻፍ ግማሽ ዓረፍተ ነገር አብሮ ተቀዳልኝ።

በአሥር ደቂቃ ገጹ ተመለሰ፤ ከታላቅ ትሕትና ጋር ግሳጼም ደረሰኝ። ሰውየው የላኦስ ስመ ጥር ተረት ነው፤ ታይላንዶች ስሪ ታኖንቻይ የሚሉት ዘመዱ አላቸው። "ሲየንግ" ራሱ ጀማሪ መነኩሴ ሆኖ ለወጣ ሰው የሚሰጥ ማዕረግ ነው። ከገዳም ትምህርት የተቀዳ ማዕረግ፣ ንጉሥ ላይ የሚቀልድ አንደበት... አለቃን ብጠረጥር ይፈረድብኛል?

ጠዋት ቡና ላይ የኩሬውን ተረት ለእናቴ አወራሁላት።

"ይኼማ የአለቃ ነው!" አለች ሳልጨርስ።

"እማዬ፣ የላኦስ ነው። የአለቃ ለመሆኑ ምንጭሽ ምንድን ነው?"

"አያቴ ናታ!"

የለውጥ ታሪክ የሌላት ምንጭ። ስኒዬን አነሳሁ።