ለኢኢጂ ኤሌክትሮድና ጄል ስመርጥ የተማርኩት

የአንጎልን ኤሌክትሪክ መቅዳት፣ ማለትም ኢኢጂ፣ ስጀምር ሐሳቤ ሁሉ ደካማውን ምልክት የሚያጎላው መሣሪያ፣ ማጉያው፣ ላይ ነበር። ስንት ቻናል አለው፣ በሰከንድ ስንት ጊዜ ይለካል፣ ሶፍትዌሩ እንዴት ነው እያልኩ ስንት ቀን ፈጀሁ። ራስ ላይ ተቀምጦ ምልክቱን የሚቀበለውን ብረት፣ ኤሌክትሮዱን፣ እና ከቆዳው ጋር የሚያገናኘውን ጄል ግን ሁሉም አንድ ነው ብዬ አለፍኳቸው። ራስ ላይ የምናገኘው ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 100 ማይክሮቮልት ቢሆን ነው። ይህን የምታክል ነገር ገና ቆዳው ላይ ከተበላሸች የትኛውም ማጉያ አያድናትም።

መጀመሪያ የያዝኩት የቲን (የቆርቆሮ ብረት) ኤሌክትሮድ ያለው ቆብ ነው። ርካሽ ነው፣ ለብዙ ሥራም ይሆናል። እኔ ግን የምፈልገው ከ1 ኸርዝ በታች ያለውን ዝግ ያለ ለውጥ ነበር፣ ቲን ደግሞ እዚያ ላይ አይረጋም። መስመሩ ቀስ እያለ ይወጣል፣ መልሶ ይወርዳል። የምቀዳው ሰውዬ የተንቀሳቀሰ እየመሰለኝ «እባክህ ትንሽ ዝም በል» እያልኩ አስቸገርኩት፤ እሱ እኮ ፍንክች አላለም።

ከዚያ በብር ክሎራይድ ወደተሸፈነ የብር ኤሌክትሮድ ዞርኩ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ብረት ጨዋማ ጄል ሲነካ መገናኛው ላይ የራሱን ቮልቴጅ ይፈጥራል። ቮልቴጁ መኖሩ አይደለም ችግሩ፣ መዋዠቁ ነው። ብር ክሎራይድ ከጄሉ ክሎራይድ ጋር ቻርጅ በቀላሉ ስለሚለዋወጥ ይረጋል። ስለዚህ ጄሉ ውስጥ ክሎራይድ ያለው ጨው መኖር አለበት። ይህ የገባኝ አንድ ቀን ጄል አልቆብኝ የአልትራሳውንድ ጄል ስጠቀም ነው። ሲያዩት ያው ነው፣ ጥርት ያለና የሚያሟልጭ። ግን የተሠራው ድምፅ እንዲያስተላልፍ ነው፣ ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ አይደለም። ኢምፔዳንሱ፣ ማለትም መገናኛው ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚያግደው መጠን፣ አልወርድ አለኝ፣ ስክሪኑንም የመብራት መስመር ጫጫታ ሞላው።

በጣም የጎዳኝ ግን ጄል ማብዛቴ ነው። አንድ ቅጂ ላይ በግራ በኩል ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ኤሌክትሮዶች አንድ ዓይነት መስመር አሳዩ። እያንዳንዷ ጥርስ ሳትቀር። ኢምፔዳንሳቸው ዝቅ ብሎ ጥሩ ነው የሚለው አረንጓዴ መብራት በርቷል፣ ስለዚህ ደስ ብሎኝ ቀጠልኩ። ቆቡን ሳወልቅ ከሁለቱ ቀዳዳዎች የፈሰሰው ጄል ፀጉሩ መሃል ተገናኝቶ አንድ እርጥብ መንገድ ሠርቷል። ሁለት ቦታ ለካሁ ያልኩት አንድ ቦታ ነበር፣ የዚያን ቀን ዳታ በዚያ በኩል ጣልኩት። አረንጓዴው መብራት ጄሉ ቆዳውን መንካቱን እንጂ ጎረቤቱን አለመንካቱን አይነግርህም። አሁን ጫፉ ደብዛዛ በሆነ መርፌ መጀመሪያ ፀጉሩን ገለጥ አደርጋለሁ፣ ከቆዳው ጀምሬ መርፌውን ወደ ላይ እየሳብኩ ቀስ ብዬ እሞላለሁ፣ ጄሉ ቀዳዳው አፍ ላይ ብቅ ሲል አቆማለሁ። ክፍሉም ቀዝቀዝ ይበል፤ ላብ ጨው ስለሆነ እሱም ያገናኛል፣ መስመሩንም ያዋዥቃል።

ቆዳውን ማዘጋጀትም ዋና ነገር ነው። ኤሌክትሪኩን በጣም የሚያግደው የላይኛው የሞተ የቆዳ ሽፋን ነው፣ በለስላሳ የቆዳ ማሻ ጄል ትንሽ ማሸት ይበቃል። ቆዳ ማድማት ግን በፍጹም አይገባም። ኢምፔዳንሱ ከ5 ኪሎኦም (የኢምፔዳንስ መለኪያ) በታች ይሁን የሚለው የድሮ ደንብ የመጣው ከድሮዎቹ ማጉያዎች ነው፣ የአሁኖቹ ብዙዎቹ ከዚያ በላይ ይችላሉ። እኔ የበለጠ የማየው ሁሉም ተቀራራቢ መሆናቸውን ነው።

ምርጫው እንደ ሥራው ነው። ለሌሊት የእንቅልፍ ቅጂ ጥቂት የወርቅ ኩባያ ኤሌክትሮዶች ከወፍራም ፔስት (የሚያጣብቅ ልቁጥ) ጋር እመርጣለሁ፣ ፔስቱ ራሱ ይይዛቸዋል። ብዙ ቻናል ላለው ቆብ ቀጠን ያለ ጄል ይሻላል። ለሕፃናት በጨው ውኃ የራሰ ስፖንጅ ግሩም ነው፣ ቶሎ ይታሰራል፣ ፀጉርም መታጠብ የለበትም፤ ግን ስለሚደርቅ ረጅም ቅጂ አይሆንለትም። ደረቅ ኤሌክትሮድ ሞክሬያለሁ፣ ሰውየው ራሱን ነቅነቅ ባደረገ ቁጥር ይረበሻል። አንድ ነገር ደግሞ፦ አንድ ቆብ ላይ የተለያየ ብረት አትቀላቅሉ። ሲጨርሱም ጄሉ ሳይደርቅ በለብታ ውኃና በለስላሳ ብሩሽ እጠቡ፤ ብር ክሎራይዱ ከተፋቀ የከፈላችሁበት ነገር አብሮ ሄደ።

አሁን ማንኛውንም ቅጂ ከመጀመሬ በፊት «ዓይንህን ጨፍን» እላለሁ። የሰው ኢኢጂን መጀመሪያ የቀዳው ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር እ.ኤ.አ. በ1929 ያሳተመው ያ የአልፋ ሞገድ፣ ከ8 እስከ 13 ኸርዝ፣ ከኋላ ባሉት ኤሌክትሮዶች ላይ ቶሎ ብቅ ይላል፣ ዓይኑን ሲገልጥ ይጠፋል። በአንዳንድ ሰው ላይ ደካማ ነው። ካጣሁት ግን ሰውየውን ከመጠርጠሬ በፊት መርፌዬን ይዤ ወደ ጄሉ እመለሳለሁ።