ቡና ተቆልቶ የማይነሳው ኮምፒዩተሬ

ቤታችን ያለው ኮምፒዩተር ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ነው። ጥቁር፣ ከባድ፣ ውጭ አገር ቢሮ ውስጥ አገልግሎ የመጣ። የገዛሁት በ2010 ዓ.ም. ነው። የፈተና ወረቀት የማዘጋጀው፣ የተማሪዎቼን ውጤት የምደምረው በእሱ ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን መንቀራፈፉ ለከት አጣ። ቅዳሜ ጠዋት አበራውና ወደ ቡናዬ እሄዳለሁ። አጥቤ፣ ቆልቼ፣ ጭሱን ለልጄ አሽትቼ ስመለስ ያቺ ክብ ነገር አሁንም ትሽከረከራለች። አንድ ቀን ተናድጄ በስልኬ ለካሁት። ከማብሪያው እስከ ወርድ (የምጽፍበት ፕሮግራም) መከፈት 9 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ።

የጠየቅኩት ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነው። «ፎርማት ይደረግ።» ዲስኩ ተጠርጎ ዊንዶው እንደ አዲስ ይጫን ማለታቸው ነው። እኛ ዘንድ ፎርማት እንደ ዳማከሴ ነው፤ ለሁሉም ይታዘዛል።

እኔ ግን ከፎርማት ጋር የቆየ ቂም አለኝ። በ2015 አንድ ሱቅ ወስጄው ነበር። ዲስኩ ሲና ዲ ተብሎ ለሁለት ተከፍሏል፤ ዊንዶው ያለው ሲ ላይ ነው። ልጁ «ማዘር፣ ዲ ላይ ያለው አይነካም፣ አታስቢ» አለኝ። (ያኔ 36 ዓመቴ ነበር። ማዘር!) እውነቱን ነው፣ ዲ አልተነካም። የእኔ ፎቶዎች ግን ዲ ላይ አልነበሩም። ከስልኬ አውርጄ ዴስክቶፑ ላይ «ክርስትና» በሚል ፎልደር ነበር ያስቀመጥኳቸው። ለካ ዴስክቶፕ ላይ የምናየው ሁሉ፣ ዶክመንትስም ዳውንሎድስም፣ ካላዛወርነው በቀር የሚቀመጠው ሲ ውስጥ ነው። የልጄ የሰማንያ ቀን ፎቶ በሙሉ ሄደ። ኮምፒዩተሩ ሦስት ሳምንት ፈጠነ። ከዚያ ወደ አመሉ ተመለሰ።

ዘንድሮ በሴሚስተር እረፍት የእህቴ ልጅ መጣ። ኢንጂነሪንግ አራተኛ ዓመት ነው። እሱም ፎርማት ሊል ነው ብዬ ስጠብቅ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫነ። ታስክ ማናጀር ተከፈተ፤ የትኛው ክፍል ምን ያህል እንደተወጠረ የሚያሳየው።

«አክስቴ፣ እስቲ ነይ እይው።»

ሲፒዩ (የሚያስበው ክፍል) 7 በመቶ። ሜሞሪ (ራም የሚሉት፣ የተከፈተው ሥራ ለጊዜው የሚያርፍበት) 91 በመቶ። ዲስክ (ፋይሎቹ የሚቀመጡበት) 100 በመቶ።

«ሲፒዩው ሥራ ፈትቶ ቁጭ ብሏል። ዲስኩን እየጠበቀ ነው» አለኝ።

ነገሩ የገባኝ በእንጀራ ነው። መቶ እንግዳ ጠርተሽ ምጣድሽ አንድ ከሆነ፣ አስር አስተናጋጅ ብትጨምሪም እንጀራው አይደርስም። የድሮው ሃርድ ዲስክ ውስጥ በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር ሳህን አለ። በላዩ ላይ አንድ ክንድ ወዲያ ወዲህ እያለ ያነባል። የተበታተኑ ትንንሽ ፋይሎችን ሲፈልግ በሰከንድ መቶ ገደማ ጊዜ ቢያነብ ነው። ዊንዶው ሲነሳ ደግሞ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ትንንሽ ነገር ነው፣ በሺዎች። ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ዲስክ ግን የሚዞር ነገር የለውም። በዚያችው ሰከንድ አስር ሺዎችን ያነባል። ራም ሲሞላ ደግሞ ዊንዶው የተረፈውን ዲስኩ ላይ ያኖረዋል። የደከመው ምጣድ ላይ ሌላ ሊጥ።

ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት በነጻ የሚሆነውን ሞከርን። ስታርትአፕ የሚለው ውስጥ ገብቶ ከኮምፒዩተሩ ጋር አብረው የሚነሱትን አጠፋ። ከጣልኩት ሦስት ዓመት የሆነው የፕሪንተር ፕሮግራም ሳይቀር በየቀኑ ይነሳ ነበር። አንቲቫይረስ ሁለት ተገኘ። ሁለቱም እያንዳንዷን ፋይል እየተሻሙ ይፈትሻሉ። አንዱን አነሳው። ሲ ላይ የቀረው ባዶ ቦታ 2 ጊጋባይት አይሞላም። የቴሌግራም ፎልደሬ ብቻውን 46 ጊጋባይት! አንድም ቀን ያልከፈትኳቸው ፒዲኤፎች፣ ግማሹን አይቼ የተውኳቸው ተከታታይ ፊልሞች። ጠረግኩት። ይህ ሁሉ ተደርጎ የመነሻ ጊዜው ወደ 7 ደቂቃ ወረደ። አመስግኜ ልተወው ነበር። እሱ ግን ያዘው።

ገመዱን ነቅሎ ክዳኑን ከፈተ። አቧራው እንደ ተባዘተ ጥጥ ነው። ፋኑን እንዳይሽከረከር በጣቱ ይዞ በቀለም ብሩሽ ጠረገው። ሲፒዩ ሲግል ራሱን ለማዳን ሆን ብሎ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ አቧራም ያዘገያል። የደረቀውን ቴርማል ፔስትም (የሲፒዩውን ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግር ቅባት) ጠርጎ አዲስ ቀባ፤ የሩዝ ፍሬ የምታህል ብቻ። መሃል ላይ ያለችውን የሳንቲም መልክ ያላት ባትሪም ቀየራት። ለካ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ 2012 የሚመለስብኝ በእሷ ነው። የፈረንጁ 2012 ማለቴ ነው፤ ማለትም ኮምፒዩተሬ ከእኛ አቆጣጠር እንኳ ወደ ኋላ ቀርቷል። ቀኑ ሲሳሳት ብዙ ድረ ገጾች አንከፈትም ይላሉ። እኔ ኢንተርኔቱን ነበር ስራገም የኖርኩት።

ቀጥሎ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ጫነ። የዲስኩን ጤና የሚናገር ነው። ሰማያዊ ሲሆን ደህና ነው። የእኔ ቢጫ ነበር። መብራት በድንገት እየጠፋ ስንት ዓመት! የሚያስፈልገኝን ሁሉ ያኔውኑ ወደ ፍላሽ አወጣን። ዴስክቶፑንም፣ በተለይ ዴስክቶፑን።

በማግስቱ 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲና አንድ 4 ጊጋባይት ራም ገዛን። ዋጋውን አልጽፍም፤ ይህን ስታነቡ ተቀይሯል። ሻጩ ያወጣልን ራም ዲዲአር 4 ነበር። የእኔ ማሽን የሚቀበለው ዲዲአር 3 ነው። ጠርዙ ላይ የተቆረጠችው ክፍተት ያለችበት ቦታ ስለሚለያይ በግድ ቢገፉትም አይገባም። የድሮውን ነቅሎ ይዞ መሄድ ይሻላል።

ራሙን ሰክተን አበራን። ያው ነው። ምንም! ሲስተም የሚለውን ከፈተው፦ 8 ጊጋባይት ተገጥሟል፣ ጥቅም ላይ የሚውለው 3.2።

«ማነው 32 ቢት የጫነልሽ?» አለኝ። ያ ማዘር ያለኝ ልጅ ነዋ። ዊንዶው 32 ቢትና 64 ቢት የሚባል ዓይነት አለው፤ 32 ቢቱ ከ4 ጊጋባይት በላይ ራም መጠቀም አይችልም፤ ከዚያም ላይ የተወሰነው ለሌላ ይያዛል። 64 ቢት ለማድረግ ደግሞ እንደገና መጫን ግድ ነው።

«ፎርማት በለኛ!» አልኩት። ሳቃችንን ለቀቅነው።

ልዩነቱ አሮጌውን ዲስክ ማንም አለመንካቱ ነው። ዊንዶው 10ን፣ 64 ቢቱን፣ አዲሱ ኤስኤስዲ ላይ ጫነው። ማሰሪያ ስላልነበረን ኤስኤስዲውን በፕላስተር ነው የለጠፍነው። የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለው ምንም አይሆንም። ዊንዶው 11 አይሆንም፤ ማይክሮሶፍት ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ነው የሚፈቅደው፣ የእኔ ሦስተኛ ነው። የዊንዶው 10 መደበኛ ድጋፍም (የደህንነት ቀዳዳ የሚደፍነው ማሻሻያ) በፈረንጁ ኦክቶበር 2025 ላይ አብቅቷል። ስለዚህ ባንክ ነክ ነገር በዚህ ኮምፒዩተር አልነካም። ለፈተና ወረቀትና ለውጤት ግን ምን ይሆናል? ወደፊት ሊኑክስ (በዊንዶው ፈንታ የሚጫን ነጻ ሲስተም) እንሞክራለን ብሏል። እኔ አማርኛ መጻፊያው እንዳይቸግረኝ ፈርቼ ዘግይቻለሁ።

አሁን ከማብሪያው እስከ ወርድ መከፈት 34 ሰከንድ ነው። ቡናው ገና አልታጠበም።

ሊሄድ ሲል አሮጌውን ዲስክ በሲዲ ማጫወቻው ገመድ ሰካው። «የጠፋውን ፎቶ ልሞክርልሽ» አለ። ፎርማት የተደረገ ፋይል ሌላ ነገር ካልተጻፈበት ሊገኝ ይችላል። የእኔ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ቴሌግራም ሲወርድበት ከርሟል። ፕሮግራሙ ሌሊቱን ሙሉ ሲፈልግ አደረ። የሚያገኘውን ሁሉ ኤስኤስዲው ላይ ነበር የሚያስቀምጠው፣ አሮጌው ላይ እንዳይደርብበት።

ከ200 በላይ ከነበሩት 19 ተገኙ። አብዛኞቹ ግማሻቸው ግራጫ ነው። አንዷ ላይ እናቴ ከላይ ትታያለች፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ታች እያየች ነው። የምታየው ልጄን ነው። ልጄ ያለችበት ቦታ ግራጫ ነው። ልጄ «እዚህ ጋ እኔ ነኝ?» ብላ ጣቷን እዚያው ላይ አሳረፈች። አዎ አልኳት። አሳትሜ ሳሎን ሰቅያታለሁ።